ትርፍ ገመድ

ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ቤት ያሳምራል፤ ገመዱም መሰኪያውም ከጀርባው ይሰወራል። ጉዱ የሚታወቀው ምስሉ የጠፋ ዕለት ነው። ጠጋኙ እጁን ከስክሪኑ ጀርባ ሰዶ ቀዳዳውን በዳበሳ ይፈልጋል፤ ዓይን አይደርስ፣ ጣት አይለይ። በውጭ አገር ሰዎች ቤት አድርገው በሚጓዙበት መኪና ውስጥ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፦ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ስክሪኑ በመንገድ እንዳይላቀቅ በመቆለፊያ ተይዟል፣ የ12 ቮልቱ ሽቦና የአንቴናው ገመድ ከግድግዳው እንደወጡ ወዲያው ይሰካሉ። ሰቃዩ ትርፍ ገመድ ካልተወ ስክሪኑ ስንዝር እንኳ አይርቅም፤ ገመዱን ለመንቀል ስክሪኑን ማውረድ፣ ስክሪኑን ለማውረድ ገመዱን መንቀል ያስፈልጋል። ይህች ትንሽ እንቆቅልሽ አንድ የቆየ ጥያቄ ታስነሣለች፦ መሰወር ጥበብ የሚሆነው መቼ ነው? ጥፋት የሚሆነውስ?

የጣና ገዳማት ለዚህ ጥያቄ ማስረጃ አላቸው። ዘጌ ያለችው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ናት፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል ተሸፍኗል፤ ምእመኑ ሥዕሉን ያያል እንጂ ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ታቦት አያይም። ይሁንና ግድግዳው በር አለው፤ በሩ መጋረጃ አለው፤ መጋረጃው የሚገለጥበት ሰዓትና የሚገባው ካህን በሥርዓት የታወቁ ናቸው። ታቦቱም ቢሆን ጥምቀት ሲደርስ እንደተሸፈነ ወደ ውኃው ይወርዳል። ከዚህ የምወስደው ይህን ነው፦ መልካም መሸፈኛ መክፈቻው አብሮ የታሰበለት ነው፤ መጥፎው መሸፈኛ ለተመልካች ዓይን ብቻ ተጨንቆ የሚጠግነውን እጅ የረሳ ነው።

ቅኔም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። የሰምና ወርቅ ስያሜ ከአንጥረኛ የመጣ ነው፤ አንጥረኛው በሰም ቅርጽ ሠርቶ በጭቃ ይሸፍናል፤ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ይወጣል፤ በቦታውም የቀለጠ ወርቅ ይፈስሳል። በጎንጅና በዋሸራ ቅኔ ቤቶች የሚቆጠረው ቅኔ ግን በአንድ ነገር ከአንጥረኛው ይበልጣል፤ ወርቁ ከተገኘ በኋላም ሰሙ በቦታው ይቆያል። ሁለቱን የሚያጋጥማቸው ኅብሩ ነው፤ ባለቅኔው ያን ባለ ሁለት ትርጉም ቃል የሚያኖረው ፈቺው እንዲጨብጠው ነው። ወርቁ ፈጦ የሚታይ ቅኔ ተራ ወሬ ነው፤ ምንም መጨበጫ የሌለው ደግሞ ቅዠት። እንግዲህ ኅብር የቅኔ ትርፍ ገመድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

«የሚከፈት ምሥጢር ምኑን ምሥጢር ሆነ?» የሚል ይኖራል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ራሷ ሥላሴን፣ ሥጋዌን፣ ጥምቀትን፣ ቁርባንንና ትንሣኤ ሙታንን አምስቱ አዕማደ ምሥጢር ብላ ለምእመን ሁሉ ታስተምራለች። ስለተማርናቸው ምሥጢርነታቸው አልቀረም። ሰከላ ያለውን የግሽ አባይ ምንጭም አውሮፓውያኑ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አይተው ስለ እርሱ ጽፈዋል፤ አገሬው ግን ዛሬም ወደ ጠበሉ የሚቀርበው ጾሞ ነው። ያለቀው የአላዋቂ ግምት እንጂ ክብሩ አይደለም። ሌላው ደግሞ «ታዲያ ለምን ይሸፈናል? ሁሉም ገሃድ ይውጣ» ይላል። ገመድ ሁሉ ሜዳ ላይ ቢሰጣ የልጅ እግር ይጠልፈዋል፣ ውኃ ይደፋበታል፤ መሸፈን ጥበቃም ነው። «ታቦትንና ቴሌቪዥንን ምን አገናኛቸው?» ለሚለኝም፣ ክብራቸው እንደማይገናኝ አምናለሁ። የሚገናኘው የሸፋኙ ኃላፊነት ነው፤ በትልቁ የተማርነው ሥርዓት በትንሹ ካልታየ ትምህርቱ ጎድሏል።

ያ ኃላፊነት በአማርኛ ስም አለው፤ አደራ ይባላል። የዚያው የግሽ አባይ ምንጭ ትውፊትም የአደራ ትውፊት ነው። ጻድቁ አቡነ ዘርዐ ብሩክ፣ ሰዎች ሊይዟቸው በመጡ ጊዜ፣ የጸሎት መጻሕፍታቸውን ለውኃው ሰጡ፤ ሲመለሱም ውኃው ሳያርስ መለሰላቸው ይባላል። ውኃው መጻሕፍቱን ሰውሯል፤ ግን ለባለቤቱ መልሷል፤ ሌባም እኮ ይሰውራል፣ ግን አይመልስም። ስክሪን የሚሰቅል ሰውም ግድግዳው ጀርባ የሚያስቀረው ነገር አደራ ነው፤ አንድ ቀን የሚያወርደውን፣ ምናልባትም ፈጽሞ የማያየውን ሰው እጅ ይጠብቃል። ያ ሰው ሲመጣ ስክሪኑን አውርዶ ጉልበቱ ላይ እስኪያሳርፈው የሚበቃ አንድ ክንድ ገመድ ተጠቅልሎ ከቆየው፣ አደራው ተጠብቋል።