«ነግሬሃለሁ» እና «አደራ»

ከአዲስ ጫማ ጋር ካርቶን ውስጥ የምትመጣ አንዲት ትንሽ ነጭ ከረጢት አለች። እርጥበት የሚመጥ ፍሬ ነው የያዘችው። ላይዋ ላይ በእንግሊዝኛ «አትብላ» ተብሎ ተጽፎባታል። ጫማ ሊለካ የገባ ሰው ካርቶን ውስጥ ያገኘውን ለምን ይበላል? ለሕፃን ታስቦ ነው እንዳንል፣ ሕፃን አያነብም። የካውያው መመሪያ ደግሞ ይብሳል፦ «ልብሱን እንደለበሱ አይተኩሱ»። የፀጉር ማድረቂያው «ተኝተው አይጠቀሙ» ይላል፤ የኦቾሎኒው ፓኬት «ኦቾሎኒ አለበት»። ሰው እነዚህን ሲያነብ መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ትንሽ ይከፋዋል። «እንዴት ቢንቁኝ ነው?» ያሰኛል።

እኔ ግን ንቀት አይመስለኝም። የሚንቅህ ሰው ቢያንስ አይቶሃል። የእነዚህ ጽሑፎች ዓይን ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ አንድ ቀን ክስ ቢመጣ መዝገቡን የሚያገላብጠው ዳኛ ላይ።

የእኛም አገር ግድግዳ ከዚህ ነፃ አይደለም። ሆቴል ስትገባ «ለሚጠፋ ንብረት ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ተለጥፏል። ባንክ ቤት «ገንዘብዎን ከመስኮቱ ሳይርቁ ይቁጠሩ» ይሉሃል። የሆቴሉ ማስታወቂያ የትኛው በር በደንብ እንደማይዘጋ፣ የትኛው መስኮት ዝቅ እንደሚል አይነግርህም። የሚነግርህ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ብትሰረቅ ወደ እኔ እንዳትመጣ።

እንግዲህ አማርኛችን ለማስጠንቀቅ ሁለት ቃል አለው፤ ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። አንዱ «ነግሬሃለሁ!» ነው። ይህን ያለ ሰው ጉዳዩን ጨርሷል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የሰሚው ዕዳ ነው። ጲላጦስ እጁን ታጥቦ «ከደሙ ንጹሕ ነኝ» እንዳለው መሆኑ ነው። ሌላው «አደራ» ነው። «እሳቱን አደራ»፣ «ልጁን አደራ»። አደራ ያለ ሰው ከነገሩ አልወጣም፤ ልቡ እዚያው ቀርቷል። ነገ ተመልሶ «እንዴት ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል። በኦሮምኛም ቢሆን አደራ ስትለው የማይገባው ሰው የለም።

ቡና ሲቀርብ ልብ በሉ። የምታቀብለው ሴት «ትኩስ ነው» ትላለች፤ ግን ጣትህ ስኒውን በደንብ እስኪይዝ እጇን አትለቅም። ማስጠንቀቂያው ያለው በቃሉ ብቻ ሳይሆን በእጇም ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት የ79 ዓመቷ ስቴላ ሊቤክ ከማክዶናልድስ የገዙት ቡና ጭናቸው ላይ ተደፋ። «ቡና እንደሚያቃጥል የማታውቅ አሮጊት ሚሊዮን ዶላር በላች» ተብሎ ብዙ ተቀለደባቸው። ዝርዝሩ ግን አያስቅም። ቡናው ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነበር፤ ገላቸው በጣም ከመቃጠሉ የተነሳ ከሌላ የሰውነት ክፍል ቆዳ ተነሥቶ ተለጠፈላቸው። መጀመሪያ የጠየቁት 20,000 ዶላር ነበር፤ ኩባንያው 800 አቀረበ። ፍርድ ቤት ሲደርሱ፣ በ10 ዓመት ውስጥ ወደ 700 የሚጠጉ የመቃጠል አቤቱታዎች ለኩባንያው ቀርበው እንደነበር ታወቀ። ኩባያውም ላይ ማስጠንቀቂያ ነበረበት! ፈራጆቹ ለእሳቸው 20 በመቶውን ጥፋት ሰጥተው የቀረውን ኩባንያው ላይ ጣሉ። የከፈለው የካሳ መጠን በኋላ ቢቀነስም፣ ነገሩ ግልጽ ነው፦ ቡናውን ቀዝቀዝ ማድረግ ይቻል ነበር። ጽሑፉ የቆመው ያ ባልተደረገበት ቦታ ላይ ነው።

እኔ ያለሁት ሲሬ ነው፤ ከባኮ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ። አገሩ የበቆሎ አገር ነው። ቢኤች 660ን የመሰሉ ዲቃላ ዝርያዎች እንኳ የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል ያገኙት ከጎረቤታችን ከባኮ ነው። የመዝሪያው ጊዜ ሲደርስ ምርጥ ዘር በከረጢት ይመጣል። በመድኃኒት የታሸ ስለሆነ ፍሬው ቀለም አለው፤ ለምግብ እንዳይውልም ይነገራል። ለከተማ ሰው ይህም ከጫማው ከረጢት እኩል ሊያስቀው ይችላል፦ ምርጥ ዘር በዚያ ዋጋ ገዝቶ ማን ይበላል?

መልሱ ቀላል ነው፤ የራበው ሰው። ዘር የሚመጣበት ወቅትና ጎተራ የሚጎድልበት ወቅት አንድ ነው።

ይህ ግምት አይደለም፤ ሆኖ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1971 ኢራቅ ከድርቅ በኋላ የስንዴና የገብስ ዘር ከውጭ አስገባች። ስንዴው በአብዛኛው ከሜክሲኮ ነበር፤ ሜርኩሪ ባለበት መድኃኒት ታሽቶ፣ ቀለም ተነክሮ። ማስጠንቀቂያው ከረጢቱ ላይ በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ተጽፏል። የራስ ቅል ሥዕልም ነበረው፤ ለዚያ አገር ገበሬ ግን ሥዕሉ ምንም አይነግረውም። ብዙው ዘር የደረሰው ደግሞ መዝሪያው ካለፈ በኋላ ነው። ቤተሰቡ ዘሩን አጠበው፤ ቀለሙ ለቀቀ፤ መርዙ ግን አለቀቀም። ዳቦ ጋገሩበት። ሕመሙ ከሳምንታት በኋላ ስለሚጀምር መጀመሪያ የቀመሰው ደኅና መስሎ ታየ። 6,530 ሰው ሆስፒታል ገባ፤ እዚያ የሞቱት 459 ናቸው። በወረቀት ደረጃ ግን ሁሉም ተነግሯቸው ነበር።

ስለዚህ ጥያቄው «ይህ ማስጠንቀቂያ አስፈላጊ ነው ወይስ ሞኝነት?» የሚለው አይመስለኝም። ከውጭ ሲያዩት ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ «አትብላ» የጫማውም የዘሩም ቃል ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ማስጠንቀቂያው የጻፈውን ሰው ምን አስከፈለው? የምግብና መድኃኒት አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሲጋራ ፓኬት ፊትና ጀርባ 70 በመቶው በማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን ያዛል። ይህ ሻጩን ያስከፍለዋል፤ የራሱን መልክ ነው የሚያበላሽበት። ቢሆንም እዚህ መንገድ ዳር ሲጋራ በፍሬ ይሸጣል፤ ሥዕሉ ሱቁ ጋ ይቀራል፣ ገዢው ነጭ እንጨቱን ብቻ ይዞ ይሄዳል። እንኳን ርካሹ፣ ውዱም ማስጠንቀቂያ የሚከተለው ሰው ካላገኘ መንገድ ላይ ይቀራል።

«ሁሉንም ሰው እያንዳንዱን እየተከተሉ መንገር ይቻላል ወይ?» ይባል ይሆናል። አይቻልም፤ ፋብሪካው ሩቅ ነው፣ ወረቀትም የግድ ነው። ግን ከፋብሪካው እስከ እናቶች ምጣድ ድረስ ብዙ እጅ አለ፦ ነጋዴው፣ ማኅበሩ፣ የልማት ሠራተኛው። ዘሩን የሚያድለው ሰው በገበሬው ቋንቋ «ይህ አይበላም፣ ለዶሮም አይሰጥም፣ ከረጢቱም ዱቄት አይያዝበት» ቢል አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። ሥዕል ላይ ጣት መጠቆምም አያስፈልገውም።

ከዚያ በላይ የሚከብድ አንድ ጥያቄ ግን አለ፤ የትኛውም ከረጢት ላይ ሊታተም የማይችል። «እስከ እሸት ድረስ ቤት ውስጥ የሚበላ አለ ወይ?» የሚለው ነው። ይህን የሚጠይቅ ሰው «የለም» የሚል መልስ ሊመጣበት እንደሚችል ያውቃል። ከመጣበት ደግሞ እጁን መታጠብ አይችልም።