የወደድነው ጊታሩን ነው ወይስ ወጣትነታችንን?

ሰው በወጣትነቱ አጥብቆ የወደደውን ዜማ ከብዙ ዓመት በኋላ ዳግመኛ ሲያገኘው የሚወደው ዜማውን ነውን? ወይስ ያን ጊዜ የነበረውን ራሱን? ጥያቄው የጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ፍቅርን የሚመረምር ስለሆነ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። በእኛ ቋንቋ ናፍቆቱም ዘፈኑም «ትዝታ» የሚል አንድ ስም ስላላቸው ሁለቱን ለይቶ ማየት ለእኛ ይበልጥ ሳይከብደን አይቀርም።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመካከላችን አንዳንዶቻችን በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለን በካሴት እየተዋዋስን የምንሰማው አንድ የብሉዝ ጊታር ነበረ። ብሉዝ የአሜሪካ ደቡብ ጥቁሮች ኀዘናቸውን፣ ፍቅራቸውንና ቀልዳቸውን ያዜሙበት ሙዚቃ ነው። ተጫዋቹ የሚሲሲፒው ሰን ሃውስ ነው። ካሴቱ ጠፍቶብን ዓመታት ካለፉ በኋላ ያንኑ ጨዋታ በቅርቡ እንደገና አገኘነው።

ሰን ሃውስ ከጊታር በፊት የያዘው ስብከትን ነበር። ወጣት ሰባኪ ሳለ ብሉዝን እንደ ኃጢአት ይጸየፍ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ግን አንድ ሰው የጠርሙስ አንገት በጣቱ አጥልቆ በጊታር ክሮች ላይ ሲያንሸራትት ሰማና ልቡ ተማረከ። እ.ኤ.አ. በ1930፣ ግራፍተን በምትባል የዊስኮንሲን ከተማ፣ ለፓራማውንት ኩባንያ ጥቂት ዜማዎች ቀዳ። አንዱ «ፕሪችን ዘ ብሉዝ» ይባላል፤ ብሉዝን መስበክ እንደ ማለት ነው። የዚያ ዘመን ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ስለ ነበር ዜማው በሁለት ተከፍሎ በሁለቱም ገጽ ታተመ። ገበያ ግን አላገኘም።

በወጣትነታችን የወደድነው የእጁን ፍጥነትና ማላገጡን ነበር። ዘፋኙ ከሥራ ለማምለጥ ሲል ሰባኪ መሆን እንደሚፈልግ ሰው ሆኖ ይናገራል፤ እኛም እንሥቅ ነበር። ሣቁ ተገቢ ነው፤ ዜማው ያስቃል። ዛሬ ስንሰማው ግን የሚያላግጠው በሌላ ሰው ላይ ብቻ እንዳልሆነ እናስተውላለን። አትሮንሱንም ጊታሩንም የሚወድ፣ ሁለቱን ባንድ እጅ መያዝ ያልቻለ ሰው በራሱ ይሥቃል። ብሉዝ ለክርስቲያን ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ክርክር እዚህ አንከፍትም፤ እርሱ ራሱ ዕድሜውን ሙሉ ሳይፈታው የኖረ ጥያቄ ነውና።

እንግዲህ ሸክላው አልተለወጠም፤ ጭረቱ እንኳ ያው ነው። «የተለወጣችሁት እናንተ ናችሁ» የሚለን ይኖራል። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ የሰማነውን ኀዘን እኛ አልጨመርነውም፤ ከመጀመሪያው በዚያ ውስጥ ነበረ። የወደድነው ወጣትነታችንን ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ወደ ዜማው ስንመለስ የምናገኘው የምናውቀውን ራሳችንን ብቻ በሆነ ነበር። ያገኘነው ግን ያላወቅነውን ሌላ ሰው ነው። ፍቅራችን፣ እኛ ሳናውቀው እንኳ፣ ከእኛ ውጭ የሆነ ነገር ይዞ እንደ ነበር ይህ ማስረጃ ይመስለናል።

የሚከብደው ጥያቄ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ሰን ሃውስ እ.ኤ.አ. በ1943 ወደ ሮቸስተር፣ ኒው ዮርክ ሄዶ በባቡር ኩባንያ ተቀጠረ። የጨዋታ ጓደኛው ዊሊ ብራውን በ1952 ሲሞት ጊታሩን ተወ። በ1964 ሦስት ወጣቶች ፈልገው ሲያገኙት የገዛ ዜማዎቹን ረስቶ ነበር። ያን ጊዜ አል ዊልሰን የሚባል የሃያ አንድ ዓመት ገደማ ልጅ፣ የሽማግሌውን የ1930 ሸክላዎችና በ1941 እና በ1942 አለን ሎማክስ የቀዳቸውን ዜማዎች በጆሮው ያጠና፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ «አንተ እንዲህ ትጫወት ነበር» እያለ አሳየው። ልጅ አባቱን የአባቱን ሥራ ሲያስተምር ማለት ነው።

ይህ ደግነት ነውን? ወይስ ሽማግሌውን ለራስ ትዝታ መጎተት ነው? «ዊልሰን ሰውየውን የራሱ ግልባጭ አደረገው» ብሎ የሚከራከር ቢኖር አንሣቅበትም። አድናቂ አንዳንድ ጊዜ አበዳሪ ይሆናል፤ የዱሮውን ክፈለኝ ይላል። ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ ሰፈሩ ተመልሶ ጎረቤቱን «ምነው አረጁ!» እያለ የሚወቅሰው ሰው ሁላችንም ዘንድ አለ።

ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1965 ለኮሎምቢያ ኩባንያ የቀዳውን ስንሰማ ግልባጭ አናገኝም። በ28 ዓመቱ ከተጫወተው «ማይ ብላክ ማማ» ከሚባለው ዜማ ሁለተኛው ክፍል «ዴዝ ሌተር» የሚባል ሌላ ዜማ ወጥቷል፤ የመርዶ ደብዳቤ ማለት ነው። ወጣቱ ስለ ሞት የዘፈነውን አሁን የ63 ዓመት ሰው፣ ጓደኛውን የቀበረ ሰው፣ እያስረዘመና እያከበደ ይዘፍነዋል። የዱሮው የእጅ ፍጥነት ቀንሷል። በብረት አካል ጊታሩ ላይ እጁን ሲያሳርፍ የሚጫወት ሳይሆን አንድን ነገር የሚመታ ይመስላል። የ1930ውን ብቻ የሚፈልግ አድማጭ ጎደለ ይላል። እኛ ግን የምናደላው ለዚህኛው ነው። በዚያው ሸክላ ላይ ደግሞ ጊታሩን አስቀምጦ፣ በእጁ እያጨበጨበ ብቻ፣ ስለ ባለ ራእዩ ዮሐንስ የሚናገረውን የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ዘምሯል። ይህን ማንም አላስጠናውም። ዊልሰን የመለሰለት ጣቶቹን ነው፤ በጣቶቹ የተናገረው ግን የሽማግሌው የራሱ ነው።

ዊልሰን በዚያ ቀረጻ በሁለት ዜማዎች አብሮት ተጫውቷል። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1970፣ በ27 ዓመቱ፣ ሞተ። ሽማግሌው ከእርሱ በኋላ 18 ዓመት ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ዲትሮይት ውስጥ ዐረፈ።