የአስታማሚዋ ቦታ፦ ስለ ነርሲንግ ንድፈ ሐሳብና ስለ ጨፋ ሸለቆ ሕሙማን የቀረበ ሐተታ

የነርሲንግ ንድፈ ሐሳብ ማለት ሕመምተኛ ማን እንደሆነ፣ ጤና ምን እንደሆነ፣ የነርስ ድርሻም ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ የሚናገር የተያያዘ አስተሳሰብ ሲሆን፣ በነርስ ትምህርት ቤቶች የተግባር ሁሉ መሪ ነው ተብሎ ይሰጣል። ይህ አነጋገር ለፈተና ይበቃ ይሆናል፤ ነገር ግን ከከሚሴ እስከ ባቲ ባለው አገር ታመው የተኙ ሰዎች እንዴት እንደሚያዙ ላየ ሰው፣ የትኛው ንድፈ ሐሳብ የየትኛዋን ነርስ እጅ እንደመራ መናገር ቀላል አይሆንለትም። ሕመምተኛውን የምታጥበው፣ የምታጎርሰው፣ የምታገላብጠው፣ ሽንቱን የምትደፋለት፣ ሌሊቱንም ከአልጋው ሥር ምንጣፍ አንጥፋ የምታድርለት አስታማሚዋ ናት፤ ነርሷ የታዘዘውን መርፌ ወግታ፣ ግሉኮሱን ሰቅላ፣ ሙቀትና የደም ግፊት ለክታ ወደሚቀጥለው አልጋ ታልፋለች። በመጽሐፍ የነርስ ተብሎ የተጻፈውን ሥራ የምትሠራው ሌላ ሰው ከሆነች፣ ንድፈ ሐሳቡ የሚመራው የማንን ተግባር ነው?

ጥያቄው ከመጽሐፍ ብቻ የመነጨ አይደለም። የዚህ ሐተታ ጸሐፊ በነርስነት የሠለጠነና በቦርከና ወንዝ ዳር ዘመዶች ያሉት ሲሆን፣ በስኳር በሽታ ብዙ ዘመን የቆዩት አክስቱ በእግራቸው ቁስል ምክንያት ተኝተው ታክመው ከወጡ በኋላ ቁስሉ አገርሽቶባቸው ሞተዋል። በመውጫ ወረቀታቸው ላይ ችግራቸው ራስን የመንከባከብ ጉድለት መሆኑ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ነበር፤ መፍትሔውም ስለ እግር አጠባበቅ ማስተማር መሆኑ፣ ትምህርቱም መሰጠቱ በምልክት ተረጋግጦ ነበር። ሴትዮዋ ግን ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ አጥርተው የሚሰሙት ኦሮምኛ ሲሆን የተነገራቸው በአማርኛ ነበር፤ ኢንሱሊን የምትወጋቸውና እግራቸውን የምታጥባቸው ምራታቸው በዚያች ሰዓት መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ነበር፤ ስትመለስም ያነጋገራት የለም። በወረቀቱ ላይ የጎደለ ነገር አልነበረም።

ራስን የመንከባከብ ጉድለት የሚለው ሐሳብ አሜሪካዊቷ ነርስ ዶሮቲያ ኦረም እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት መጽሐፍ ያስፋፉት ነው። እንደ እርሳቸው አባባል ማንኛውም ጎልማሳ ሕይወቱንና ጤናውን የሚጠብቅበት የራሱ ተግባር አለው፤ ጤናው የሚጠይቀው እንክብካቤ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ነርስ ትገባለች፤ የምትገባውም ሁሉንም ሠርታለት፣ ወይም ከፊሉን ተካፍላው፣ ወይም ደግሞ ደግፋና አስተምራ ነው። ጸሐፊው ይህን ተምሯል፤ የሦስቱን መንገዶች ስም በቃሉ አጥንቶ በፈተና ጽፏል። አንድ ተማሪ ተነሥቶ፣ ሕመምተኛውን ቤተሰቡ በሚንከባከብበት አገር ይህ ሐሳብ እንዴት ይሠራል ብሎ ሲጠይቅ፣ ጥያቄህ ከፈተናው ውጭ ነው ተብሎ እንዲቀመጥ ተደርጓል። ይህን መልስ ይቅር ለማለት የሚያስቸግረው፣ ኦረም ራሳቸው መልሱን ጽፈውት ስለነበር ነው። በንድፈ ሐሳባቸው ውስጥ ለሌላው የሚደረግ እንክብካቤ የሚባል ክፍል አለ፤ ይህም አንድ ሰው ለልጁ ወይም ራሱን ላልቻለ ዘመዱ የሚያደርገውን እንክብካቤና ለዚህ ያለውን ችሎታ ነርሷ እንደ ሕመምተኛው አቅም ሁሉ መርምራ እንድትደግፍ የሚያደርግ ነው። መምህራኑ ይህን ክፍል አላነበቡት ከሆነ ያላነበቡትን አስተምረዋል፤ አንብበውት ከሆነ ደግሞ ለዚህ አገር ሕሙማን ከሁሉ የሚጠቅመውን ትተው መጽሐፉ የታተመበትን ዓመት አስጠንተዋል።

ያለ ንድፈ ሐሳብ የሚሠራ ሰው አለመኖሩ ግልጽ ነው፤ ልዩነቱ የያዘውን በማወቅና ባለማወቅ ላይ ነው። በሆስፒታል ክፍሎቻችን የሰፈነውና ስም ያልተሰጠው ንድፈ ሐሳብ ሕመምተኛን የአልጋ ቁጥር፣ ነርስን ትዕዛዝ ፈጻሚ፣ አስታማሚን ግርግር አድርጎ ያያል። ጠዋት ሐኪሞች ለራውንድ ሲገቡ አስታማሚ ሁሉ ይውጣ ይባላል፤ ሕመምተኛው ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ፣ መብላቱን፣ ማስመለሱንም የምታውቀው ሴት ጥያቄው በሚጠየቅበት ሰዓት በር ላይ ከዘበኛ ጋር ቆማ ትገኛለች።

በዚህ ክርክር ላይ ግን አንድ ተቃውሞ አለ፤ ለጸሐፊውም ዕረፍት የነሣው እርሱ ነው። የጎደለው ሐሳብ አይደለም፤ የጎደለው ሰው ነው፣ ጓንት ነው፣ ውኃ ነው ይላል ተቃውሞው፤ ሙሉ ክፍል ብቻዋን ይዛ የምታድር ተረኛ ነርስ ኦረምን ብታውቅ ባታውቅ ምን ለውጥ ታመጣለች? የሙያው እናት የሚባሉት የፍሎረንስ ናይቲንጌል ታሪክ እንኳ ይህን ተቃውሞ የሚያጠናክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 መጨረሻ በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ስኩታሪ ወደተባለው የጦር ሆስፒታል ነርሶቻቸውን ይዘው ከገቡ በኋላ ሞቱ በዚያ ክረምት ባሰ እንጂ አልቀነሰም፤ የቀነሰውም በ1855 መጋቢት ወር የመጣው የንጽሕና ኮሚሽን የፍሳሽ ቦዮቹን ካስጠረገና የአየር መግቢያዎቹን ካሻሻለ በኋላ ነው። ቁስለኛውን ያዳነው አካፋና መጥረጊያ ነው ቢባል ማን ይከራከራል?

ሆኖም ናይቲንጌል ከጦርነቱ በኋላ አኃዙን መርምረው የደረሱበት፣ እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ነርሲንግ በጻፉት መጽሐፍም ያስተማሩት፣ ንጹሕ አየር፣ ብርሃን፣ ንጽሕና፣ ጸጥታና ምግብ የነርስ ጉዳይ ናቸው የሚል ነው። የፍሳሽ ቦይ የነርስ ጉዳይ ነው ማለት ራሱ ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ይህን ያልያዘች ነርስ ሽታውን ታልፈዋለች። ተቃዋሚው ግን እዚህ ላይ ዝም አይልም፤ ጉዳይዋ መሆኑን ማወቋ ቧንቧ አያስገባላትም ይላል፤ ልክም ነው። እጥረት ግን ምርጫን አያስቀርም፤ እንዲያውም ያከብደዋል። አምስት ደቂቃ ብቻ የቀራት ነርስ ደቂቃዎቹን ቅጽ ለመሙላት ታውላቸዋለች ወይስ ምራቲቱን ጠርታ የቁስል አስተጣጠብ ለማሳየት? ይህ በጀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ከሁለቱ የቱ ነርሲንግ እንደሆነ መወሰንን ነው።

ተቃውሞው ለሦስተኛ ጊዜ ይመለሳል፤ ይህኛው ከሁሉ ይከብዳል። ነርሷ የምትመዘነው በቅጹ ነው። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ የነርሲንግ ሂደት የሚባለውን፣ ማለትም ሕመምተኛውን የመመርመር፣ ችግሩን የመለየት፣ የማቀድ፣ የመፈጸምና ውጤቱን የመመዘን ቅደም ተከተል፣ በሆስፒታሎች ሥራ ላይ እንዲውል አድርጓል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ተቆጣጣሪ መጥቶ የሚያየው የተሞላ ወረቀት ከሆነ፣ ተረኛዋ ሊነጋ ሲል ከአንዱ ቻርት ወደ ሌላው ትገለብጣለች፤ ለራሷ መዳን እንጂ ለክፋት አይደለም። እንግዲህ የሚገዛው የነርሷ ንድፈ ሐሳብ ሳይሆን የተቆጣጣሪው ነው ማለት ነው። ጸሐፊው ለዚህ ሙሉ መልስ የለውም።

ሌላም ሥጋት አለ። አስታማሚዋ በንድፈ ሐሳቡ ቦታ ታግኝ ሲባል፣ ነርስ መቅጠር የማይፈልግ አስተዳደር ይህን እንደ ሰበብ ሊይዘው፣ ሴቶች ያለ ክፍያ የሚሸከሙትንም ድካም ሳይንሳዊ ስም ሊሰጠው ይችላል። ነገር ግን ድካሙ አሁንም በእነርሱ ላይ ነው፤ ዛሬ የሌለው ከሸክሙ ጋር መሰጠት የነበረበት እውቀት ነው።

የጨፋ ሸለቆ ደግሞ ከአንድ መጽሐፍ በላይ ይፈልጋል። በበጋ ከአፋር በኩል የሚመጡ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ወደ ጨፋ ረግረግ ያሰማራሉ፤ ዝናብ ሲጥል ይመለሳሉ፤ ለእነርሱ በወሩ ተመለስ ማለት ቀጠሮ አይደለም። ሸለቆው የሚገኝበት የብሔረሰብ አስተዳደር የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ሆኖ ሳለ ቻርቱ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ማደሌን ሌይኒንገር የተባሉት ነርስ በፓፑዋ ኒው ጊኒ የጋድሱፕ ሕዝብ መካከል ኖረው ካጠኑ በኋላ የነርስን ውሳኔ በሦስት ከፍለውታል፦ የሕዝቡን ልማድ መጠበቅ፣ ከልማዱ ጋር መደራደር፣ ጎጂውንም ከሕዝቡ ጋር ሆኖ መለወጥ። ኢንሱሊን በእርጥብ አሸዋ መካከል በተቀመጠ የሸክላ ዕቃ ቀዝቅዞ እንዲቆይ ማድረግ ከመጀመሪያው ወገን ነው፤ በረመዳን ልጹም ለሚል የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ድርድር ያስፈልጋል፤ ሃይማኖቱ ለታመመ ፈቃድ መስጠቱን የሚያስረዱ ሼኽ ባሉበት መጠኑንና ሰዓቱን ከሐኪም ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይገባል። ቨርጂኒያ ሄንደርሰን ነርስ የምትረዳባቸውን መሠረታዊ ፍላጎቶች አሥራ አራት ብለው ሲቆጥሩ እንደ እምነት ማምለክን አንዱ አድርገዋል፤ ከሶላት በፊት ለሚደረገው ውዱእ ውኃ ማቅረብ፣ ውኃ ለማይነካ ቁስለኛም በውኃ ፈንታ ለሚደረገው ተየሙም ንጹሕ አፈር ማዘጋጀት በዚህ መሠረት የነርስ ሥራ ነው። ይህን በክፍል ውስጥ የሰማ ተማሪ ማን ነው?

የሚያስቆጨው ደግሞ ከቤተሰብ የሚነሣ አስተሳሰብ ከውጭ ብቻ የሚመጣ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የንጽሕና ባለሙያ በአንድነት እያሠለጠነ ወደ ገጠር ይልክ ነበር፤ የኅብረተሰብ ነርሷ ሥራ የሚጀምረው ከአልጋ ሳይሆን ከሰው ደጃፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብርም ያንኑ መንገድ ይዟል። ይህ ሁሉ በነርሲንግ ንድፈ ሐሳብ ትምህርት ላይ አልተጠቀሰም፤ ታሪክ ተብሎ ለብቻው በአንድ ገጽ አልፏል።

ስለዚህ ንድፈ ሐሳብ ሕመምተኛን ያድናል ብሎ ለመመስከር ይህ ሐተታ አይደፍርም፤ የአክስቲቱ እግር ምራታቸው ብትማር ይድን እንደነበረም የሚያውቅ የለም። የማያጠራጥረው ግን የተሳሳተ ንድፈ ሐሳብ በወረቀት ላይ ሙሉ ሆኖ ሰውን ያለ ረዳት ሊሸኝ መቻሉ ነው። በየትምህርት ቤቱ ያሉ መምህራን ከዚህ የተሻለ ክርክር ካላቸው ይጻፉት፤ እስከዚያ ድረስ ግን በቤት የሚንከባከበው ሰው ማን እንደሆነ ያልተጻፈበት፣ ያም ሰው በሚሰማው ቋንቋ ተምሮ በገዛ እጁ ሠርቶ ያላሳየበት የመውጫ ወረቀት፣ ማንም ይፈርምበት ማን፣ ነርሲንግ ሊባል አይገባውም።