ወንበር አይበላም

እህቶቼ፣ ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ተናድጄ ነው። በማን እንደተናደድኩም በደንብ አውቅ ነበር። መሐል ላይ ስደርስ ግን ነገሩ ተምታታብኝና ለሁለት ሳምንት ተውኩት። እንደገና አንስቼ ስለጻፍኩት አንዳንድ ቦታ ቢንዛዛ አትፍረዱብኝ። ከአስረኛ ክፍል ወዲህ ከደብዳቤ በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በነሐሴ የማዳም እህት ከካናዳ መጣች፣ ከባሏና ከሦስት ልጆቿ ጋር። አገሯን ካየች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ሰው ሲናፍቅ ዘመድ ይጠይቃል፣ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፤ እሷ ግን ቤይሩትን በሁለት ቀን ልትበላት ፈለገች። እውነቴን ነው፣ ልታያት ሳይሆን ልትበላት። ስልኳ ላይ ዝርዝር ይዛለች፤ ቅዳሜ ጠዋት መናኢሽ፣ ቀጥሎ ፈላፈል፣ ባሕር ዳር ካዕክ፣ ምሳ ዓሣ፣ ማታ ክናፌ፤ እሑድ ደግሞ ከአርመኖቹ ሰፈር ባስቱርማ። በሁለት መኪና ወጣን። እኔ የሄድኩት የአራት ዓመቷን ትንሽ ልጅ ልይዝ ነው።

ጠዋት ፉርኑ ጋ ስንደርስ ሰው ሁሉ ቆሞ ነው የሚበላው። ዛዕተር የተቀባውን ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልለው ይሰጡሻል፣ ዘይቱ በክንድሽ እየወረደ ትበያለሽ። ለእኔም ተገዛልኝ። ማዳም ጥርሷ መሐል ሰሊጥ ገብቶባት፣ እኔም ገብቶብኝ፣ ጎን ለጎን ቆመን በላን። ፈላፈሉም እንደዚያው ነበር። በደማስቆ መንገድ ያለውን ሰህዩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያለ ቤት ነው። አሁን ሁለት ሱቅ ጎን ለጎን ሆኗል፣ ስሙም ያው፣ ምግቡም ያው፤ ወንድማማቾች ተለያይተው የአባታቸውን ሥራ ለሁለት ከፍለውት ነው። ሚስተር ይህን ሲያጫውት እንግዶቹ ሳቁ። እኔ መሐላቸው ያለውን ግድግዳ አየሁት። ከአንድ ድስት ያደጉ ሰዎች ናቸው እኮ። ኮርኒሽ ላይ ደግሞ እንደ ሴት ቦርሳ እጀታ ያለውን ካዕክ ገዝተን ባሕሩን እያየን ቆረስን። እስከዚህ ድረስ ምንም ቅር ያለኝ ነገር የለም። መንገድ ላይ ጠረጴዛ ስለሌለ፣ ማን የት ይቀመጥ የሚል ጥያቄም የለም።

ምሳ ላይ ግን ጠረጴዛ መጣ።

ራውሼ አካባቢ ባሕር የሚያሳይ ምግብ ቤት ነው። አስተናጋጁ ወንበር ሊያዘጋጅ ሰው ሲቆጥር ጣቱ እኔ ጋ ደርሶ አየር ላይ ቆመ። ማዳምን አያት። ማዳም በእጇ ስምንት ብላ አሳየችው። ዘጠኝ ነበርን። እኔ ከሕፃኗ ጀርባ፣ ጋሪው አጠገብ ቆምኩ፤ ኋላ አስተናጋጁ ራሱ አንድ ወንበር ከግድግዳው ሥር አምጥቶ ሰጠኝ፣ ከጠረጴዛው ሁለት ክንድ ያህል ራቅ አድርጎ። ሑሙሱ፣ ተቡሌው፣ ፈቱሹ፣ ኪቤው፣ ከዚያ ዓሣው መጣ። እኔ የልጅቷን ናፕኪን አስተካክላለሁ፣ ውኃ አጠጣለሁ፣ የዓሣ አጥንት እለቅማለሁ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ጾመ ፍልሰታ ነበር። ወንበር ቢሰጡኝም ዓሣውን አልነካውም። ርቦኝም አልነበረም፣ ከጠዋት ጀምሮ ዳቦ ስበላ ነው የዋልኩት። ታዲያ ምን ሆኜ ነው ጉሮሮዬ የደረቀው?

ይህን እያሰብኩ ሕፃኗ ከዳቦው ቆረሰች፣ ሑሙሱ ውስጥ ነከረች፣ ዞር አለችና አፌ ውስጥ ከተተችልኝ። ጉርሻ እኮ ነው! ማንም አላስተማራትም፣ የሰው አገር ልጅ ናት። አፌን ከፍቼ ተቀበልኩ፣ ምን ላድርግ። ጠረጴዛው ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ እናቷ ሳቀች፣ ሌሎቹም ሳቁ፣ ማዳም «ያላ ሐቢብቲ፣ አንቺ ብዪ» አለቻት። ልጅቷ ግን ሁለተኛ ልትደግመኝ ቆርሳ ይዛለች። እኛ ዘንድ አንድ ጉርሻ ያጣላል አይደል የሚባለው? ሁለተኛውን እንቢ አልኳት። እጇን ዘርግታ ቀረች።

ማዳም ክፉ ሴት አይደለችም። ይህን ይሉኝታ ይዞኝ አይደለም የምለው። ደመወዜን በወሩ ትሰጠኛለች፣ ፓስፖርቴ እኔ እጅ ነው፣ በ2020 ስንት እህቶቻችን ከነሻንጣቸው ቆንስላ በር ላይ ሲጣሉ እሷ እኔን አልጣለችኝም። ያን ቀንም ከምግብ ቤቱ ስንወጣ የተረፈውን በዕቃ አስጠቅልላ «ይህ ያንቺ ነው» አለችኝ። ማታ አራት ሰዓት ላይ ዕቃ አጥቤ ስጨርስ ወጥ ቤት ተቀምጬ ከዓሣውና ከኪቤው በቀር ሁሉንም በላሁት። ጣፋጭ ነበር፤ አልዋሽም። የክናፌውን ግን አይብ ስላለበት አልቀበልም ብያት ነበርና ተቀየመች። «ምነው፣ ተናደሽ ነው?» አለችኝ። ጾም ነው አልኳት። ዝም አለች፣ ፊቷ ግን አልተመለሰም። የሰጠችውን ሰው እንቢ ሲላት እንደሚከፋት ያን ጊዜ አየሁ።

እሑድ የእኔ ዕረፍት ነው። የ2009ኙ የሥራ ውል በሳምንት ሃያ አራት ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት ይላል፣ ምግብና ልብስ በአሠሪዋ ይላል። በ1946ቱ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ውስጥ ግን እኛ የቤት ሠራተኞች የለንበትም፣ ይህን በማኅበራችን ስብሰባ ሁላችንም ሰምተነዋል። ያን እሑድ «ለዛሬ ብቻ» ተባልኩና ሄድኩ። የት ወሰዱኝ መሰላችሁ? በርጅ ሀሙድ! የራሴ ሰፈር፣ እሑድ እሑድ የማልቀርበት። ለባስቱርማ።

በርጅ ሀሙድን አርመኖች ናቸው ያቀኑት። ከ1915ቱ እልቂት ተርፈው መጥተው ከወንዙ ማዶ ረግረጉ ላይ ሰፈሩ። ሰፈሮቹን በጠፉባቸው ከተሞች ስም ጠሯቸው፤ ኖር ማራሽ፣ ኖር አዳና፣ ኖር ሲስ። «ኖር» አዲስ ማለት ነው፣ እንደ አዲስ አበባችን። ሚስተር ይህን ለእንግዶቹ ሲያስረዳ እኔ የምጨምረው ነበረኝ፤ በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሄደው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ተቀብለው አዲስ አበባ እንዳመጡ፣ ልጆቹም «አርባ ልጆች» ተብለው የቤተ መንግሥት የሙዚቃ ጓድ እንደሆኑ። ማንም ስላልጠየቀኝ አልተናገርኩም።

ሱቁ በር ላይ ሕፃኗን ይዤ ቆሜያለሁ። ውስጥ የባስቱርማው ቅመም ይሸታል፣ ከላይኛው ፎቅ ደግሞ የሚቆላ ቡና ሽታ ይመጣል፣ የኛ ቡና። ከማዶ የኛ ልጆች ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን እንደለበሱ በየዓይነቱ ከበው ተቀምጠዋል። አንዷ አየችኝ። እጇ በሽሮ እንደተነከረ ከፍ አድርጋ «ነይ እንጂ፣ እንብላ!» ብላ ጮኸች። የልጅቷን እጅ አሳየኋት። «ይዘሻት ነይ!» አለች። መኪና ሲያልፍ ድምፃችን ጠፋ። ሕፃኗ «ምን አለችሽ?» አለችኝ። «ተፈደሊ ነው ያለችኝ» አልኳት። «ታዲያ ለምን አንሄድም?»

በሚቀጥለው እሑድ ነገሩን ለጓደኞቼ አወራሁላቸው። አንዷ፣ አሥራ ሁለት ዓመት እዚህ የኖረች ናት፣ «አንቺ ደግሞ! ወንበር አይበላም። የተላክሽው ብር ልትልኪ እንጂ ከማዳም ጋር ዓሣ ልትበዪ አይደለም» አለችኝ። ሌላዋ ፍሪላንስ የምትሠራው «እኔ እንዲያውም አብረሽን ብዪ ሲሉኝ ነው የሚጨንቀኝ» አለች። «ሹካው በየት በኩል እንደሚያዝ ስታስቢ፣ ልጁ ውኃ ሲል ስትነሺ፣ እንዴት ይዋጣል? ወጥ ቤት፣ ስልኬን ከፍቼ፣ በበርበሬዬ፣ በእጄ። ነፃነቴ እዚያ ነው።» ይህም እውነት ነው። እኔም ብሆን ከነሱ ጋር መቀመጥ ሥራ ነው የሚሆንብኝ።

ብቻውን መብላትም ሁልጊዜ ንቀት አይደለም። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ ክርስቲያኑና እስላሙ ሰርግም ለቅሶም አብሮ ነው፣ ሥጋ ላይ ግን እንለያያለን። ጎረቤታችን ለአረፋ ሲጠሩን ለኛ ለብቻ በክርስቲያን እጅ ያሳርዱልን ነበር። ድስቱ ሌላ፣ ትሪው ሌላ። ማንም አልተዋረደም፤ እንዲያውም ለብቻ መደገሱ «አስቤሻለሁ» ማለት ነበር። የቆሎ ተማሪም ደጅ ቆሞ ፍርፋሪ ይቀበላል፣ ክብሩ አይቀንስም። ስለዚህ «ለብቻ» እና «ትርፍራፊ» ብቻቸውን ጥያቄዬን አይመልሱልኝም።

ከባዱ ያለው እዚህ ይመስለኛል። አገራችን ሰው ሲበላ ሌላው ካለፈ «እንብላ» ይባላል። አብዛኛው ጊዜ ከልብ አይደለም፣ እንጀራውም ለሁለት አይበቃም። አላፊውም ያውቃል፣ «ይባረክ፣ ብሉ» ብሎ ያልፋል። ማንም ምንም አልበላም፣ ግን አንድ ነገር ተሰጥቷል፤ እንቢ የማለት ዕድል ተሰጥቶታል። እንቢ ማለት የሚችለው የተጠየቀ ሰው ነው። ሊባኖሶችም ይህን አያጡትም። የኛ ሕንጻ ናጡር ደረጃው ሥር ሻይና ዳቦ ይዞ ባለፍኩ ቁጥር «ተፈደሊ» ይለኛል፣ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልበላሁለትም፣ አንድም ቀን ሳይለኝ አልቀረም። ማዳም ራሷ ለቧንቧ ሠሪው ትለዋለች። ምግብ ቤቱ ውስጥ የሆነው ይህ ነው፤ ዓሣውን እንቢ እንድል ዕድል አልተሰጠኝም። ጾሜን እንኳ ራሴ የጾምኩት አልመሰለኝም።

በር ላይ የሚቀርም አለ። የባሕር ዳር መዋኛዎች እኛን እንዳያስቀሩ የቱሪዝም ሚኒስቴር በ2012 ትእዛዝ አውጥቶ ነበር። ትእዛዝ የሚያስፈልገው ለምን እንደሆነ ልጽፍ አያሻኝም፤ እህቶቼ ታውቁታላችሁ።

ግን ደግሞ 2021ን አስታወስኩ። በ1,500 ሊራ ይመነዘር የነበረው ዶላር እየወጣ እየወጣ ሄዶ (ኋላ ዘጠና ሺህ አካባቢ ደርሷል)፣ መብራት የለም፣ የጄኔሬተሩ ሒሳብ አይቻልም። ቤታችን ማታ የምትበራው አንዲት የባትሪ መብራት ነበረች፣ እሷም ወጥ ቤት። ስለዚህ ሁሉም ወጥ ቤት መጣ። ክረምቱን ሙሉ በእኔ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ፣ ክርናችን እየተነካካ፣ ሙጀደራ በላን። ማዳም ሽንኩርቱን ትቆላለች፣ እኔ ምስሩን አወርዳለሁ። ማንም «ነይ ተቀመጪ» አላለኝም፣ ማንም «ተነሺ» አላለኝም። መብራቱ ሲመለስ፣ ሶላር ሲገባ፣ እነሱ ወደ ሳሎን ተመለሱ፣ እኔ ቀረሁ። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም ነበር። አሁን ሳስበው ያ ክረምት ይናፍቀኛል፤ ይህን ማለት ያሳፍራል፣ ሰው የተራበበትን ጊዜ።

ጽሑፉን የተውኩት እዚህ ላይ ነው። ንዴቴን ይዤ ወደ አገር ቤት «እኛ ዘንድ እኮ ማንም ሳይጠራ አይቀርም» ብዬ ልጽፍ ብዕሬን ሳነሳ፣ አንዲት ልጅ ትዝ አለችኝ።

እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ሳለ እናቴ ከገጠር አንዲት ልጅ አምጥታ ነበር። የሩቅ ዘመድ ናት ተብላ ነው የመጣችው፣ ትምህርት ቤት ትገባለች ተብሎም ነበር። አልገባችም። ሊጡን ታቦካለች፣ እንጀራውን ትጋግራለች፣ ስንቀመጥ የእጅ ውኃ ይዛ ትቆማለች። ከኔ በሁለት ዓመት ትበልጥ ይሆናል። እኛ መሶቡን ከበን ስንበላ እሷ ማድቤት ነበረች፣ ስንጨርስ ትሪውን ይዛ ትገባለች። ለመንገደኛ፣ ለጎረቤት ልጅ፣ ለቆራሌው ሳይቀር «እንብላ» እንላለን። ለሷ አንድ ቀን ብያት አላውቅም። አልከለከልኳትም እኮ፤ መጠራት እንዳለባት ጭራሽ አልታየኝም። አስተናጋጁ ጣቱን እኔ ጋ ሲያደርስ ቢያንስ አየር ላይ ቆሞ ነበር። የኔ ጣት እሷ ጋ አልደረሰም።

እናቴ ጋ ደወልኩ። ስለሷ ስጠይቃት ገረማት። «እሷ እኮ እንደ ልጄ ነበረች» አለችኝ። ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። ማዳምም እንግዳ ፊት ትከሻዬን ይዛ «ኢንቲ ምትል ቢንቲ» ትለኛለች፣ እንደ ልጄ ነሽ ማለት ነው። ማዳም ስትለው ውሸት ነው እል ነበር። እናቴ ስትለው ግን ውሸት አልመሰለኝም፤ ወዳታለች፣ ስትሄድም አልቅሳለች። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል ማለት ነው፣ ወይም ሁለቱም ያላዩት አንድ ዓይነት ነገር አለ። እስካሁን አልለየሁትም። እናንተ ከኔ የተሻለ ካሰባችሁበት ለሚቀጥለው እትም ጻፉልኝ።

ማዳምን ግን ጠየቅኋት። እህቷ ከሄደች በኋላ፣ ወጥ ቤት ኩሳ እየሞላን፣ «በሚቀጥለው ጊዜ ምግብ ቤት ስንሄድ የት ነው የምቀመጠው?» አልኳት። ልቤ ይመታ ነበር። ማንኪያውን አስቀመጠች። «የፈለግሽበት» አለች፣ ትንሽ ቆይታ። ከዚያ ወዲህ ምግብ ቤት ስላልሄድን ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ ሳህኑ ሲመጣ እጄ ሳይንቀጠቀጥ እንደማይቀር ግን አውቃለሁ።

ያቺ ልጅ አሁን ኮምቦልቻ ናት፣ አግብታ ወልዳለች። እናቴ ጎረቤት ጠይቃ ቁጥሯን ላከችልኝ። ስልኬ ላይ በስሟ አስቀምጬዋለሁ። ሁለት እሑድ አለፈ፣ ሁለቱንም ጊዜ በርጅ ሀሙድ በየዓይነቱ ፊት ተቀምጬ ስሟን ከፍቼ አይቼ ዘጋሁት።