የመምህር ውለታ በምን ይከፈላል?



ወደ ዕብራውያን በተጻፈው መልእክት ምዕራፍ 13 የእግዚአብሔርን ቃል ያስተማሩንን እንድናስብ፣ በእምነታቸውም እንድንመስላቸው ታዘናል። የመምህር ውለታ በቃል ምስጋና ብቻ እንደማይከፈል ከዚህ እንረዳለን።

ጎጃም የተወለዱት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በገዳም ትምህርት የበሰሉ ሊቅ ነበሩ። ቅዱስ ዮስጢኖስ ዘያዕቆብ በዕድሜ ያንሷቸው ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ግብፅና ወደ ሮም አብረው ሲጓዙ ትሕትናቸውንና ትዕግሥታቸውን በቅርብ ተመለከቱ። ሊቁ ከታናሻቸው መማርን አላፈሩበትም። በ1844 ከካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ ሆኑ፤ በ1851 ከመምህራቸው እጅ ክህነትን ተቀበሉ። በ1855 በሰንሰለት እንደ ታሰሩ፣ የተቀበሉትን እምነት ሳይክዱ ዐረፉ። ምስጋናቸውም ይህ ጽናታቸው ነበር።

እኛስ? ማማተብን ያስተማሩንን፣ ስንሳሳት በፍቅር ያረሙንን ስንቶቻችን እናስባቸዋለን? ብዙ ጊዜ ዘንግተናቸዋል። በሕይወት ካሉ ሄደን እንጠይቃቸው፤ ካረፉም በቅዳሴ ጸሎት እናስባቸው። ከሁሉ በላይ ግን እነርሱ እኛን የታገሡበትን ትዕግሥት ዛሬ ለምናስተምራቸው ሕፃናት እናውርስ። የመምህር ውለታ የሚከፈለው እንዲህ ነውና።

የመምህራን ሁሉ መምህር ለሆነው ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ ክብር ይሁን፤ አሜን።