የአባት ዕዳና የተቀመጠ መርዝ

ሰው ሲሞት ለልጁ ሁለት ነገር ትቶ ያልፋል፤ አንዱ ርስት ነው፥ ሁለተኛውም ዕዳ ነው። ርስቱን ልጅ ደስ ብሎት ይቀበለዋል፤ ዕዳውን ግን ቢወድም ባይወድም ይከፍለዋል። ስለዚህም የአገር ሰው «ያባት ዕዳ ለልጅ፥ ያፍንጫ እድፍ ለእጅ» ሲል ይተርታል። ይህን ተረት የሚጠቅስ ሰው ብዙውን ጊዜ የገንዘብን ብድር ብቻ ያስባል። በዚህ ዘመን ግን ከገንዘብ የሚከፋ ዕዳ ተገኝቷል፤ ይኸውም አባቶች ለበጎ ብለው የገዙት ወይም በስጦታ የተቀበሉት፥ ሳይጨርሱትም በየመጋዘኑ ትተውት ያለፉት መርዝ ነው። ተበዳሪው ማን እንደ ሆነ ተለይቶ የማይታወቅ፥ ወለዱም ወደ እናት ጡት የሚወርድ ዕዳ ቢኖር፥ ከፋዩ ማን ሊሆን ይገባዋል? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው።

ከጣርማበር ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ የጓሳን ሜዳ አልፎ መሐል ሜዳ ይገባል። ይህች የመንዝ ከተማ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ደጋ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ነፋሱ ብርቱ፥ ሌሊቱም ውርጭ ነው። ገበሬው ገብስ ይዘራል፥ ከበጉ ጠጉር በርኖስና ባና ይሠራል፥ ቤቱንም በጓሳ ሣር ይከድናል። ሣሩ ግን ማንም እንደ ወደደ የሚያጭደው አልነበረም። አስቦና ጌራ የተባሉት አቅኚ አባቶች ከያዙት ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ፥ ሕዝቡ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሜዳውን ሲጠብቀው ኖረ። ሜዳው ሦስት ዓመትም ሆነ አምስት ዓመት ተዘግቶ ይቈያል፤ የመክፈቻው ቀን ሲደርስ ለሁሉ ይነገራል፥ ባለ ድርሻውም ሁሉ በአንድነት ያጭዳል። ሥርዓቱን የተላለፈ ሰው ጽኑ ቅጣት ያገኘው ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ቄሮ ቢፈርስም፥ ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ አቋቁሞ ሜዳውን እስከ ዛሬ አቈይቶታል። ስለዚህ ገና ላልተወለደ ልጅ መቈጠብ ምን ማለት እንደ ሆነ ለመንዝ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

መልካሙን ነገር ለልጅ ጠብቆ ማቈየት አንድ ሥራ ነው፤ ክፉውን ነገር ከልጅ አርቆ ማጥፋት ግን ሌላ ሥራ ነው። የመጀመሪያውን ሥራ አባቶች በሚገባ ዐውቀውታል። ሁለተኛው ግን አዲስ ነው፤ ስለ ምን ቢሉ፥ በጥንት ዘመን ሰው የሚጥለው ጥራጊ ሁሉ ይበሰብስ ነበርና። እበት አፈር ይሆናል፥ አመድ በዝናም ይታጠባል፥ አጥንትም በጊዜው ይፈርሳል። በኋለኛው ዘመን ግን የኬሚስትሪ ሊቃውንት አፈር ቶሎ የማይበላውን፥ ውሃ የማያሟሟውን፥ ፀሐይም በቀላሉ የማይጨርሰውን ነገር አበጁ። ከእነዚህ ስሙ የገነነው ዲዲቲ የሚባለው የተባይ መግደያ ነው። አልድሪንና ዲልድሪን፥ ክሎርዴንም የእርሱ ወገን ናቸው፤ በአሮጌ የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ የሚገኘው ፒሲቢም ከእነርሱ ጋር ይቈጠራል።

የእነዚህ መርዞች ጠባይ በሦስት ነገር ይታወቃል። አንደኛ፥ ለብዙ ዓመታት ሳይጠፉ ይኖራሉ። ሁለተኛ፥ በውሃ ሳይሆን በስብ ይሟሟሉ፤ ስለዚህ ሣሩን የነካው መርዝ በበጉ ላት፥ በላሚቱ ወተትና በቅቤው ውስጥ ይከማቻል፤ ያንን የበላ ሰው በገላው ስብ ያኖረዋል፥ እናትም ከወተቷ ጋር ለልጇ ታጠባዋለች። ሦስተኛ፥ ይጓዛሉ። በቆላው ሙቀት ተንነው ወደ አየር ይወጣሉ፥ በነፋስም ተወስደው ብርድ ካለበት ስፍራ ሲደርሱ እንደ ጤዛ ይወርዳሉ። በካናዳ ተራሮች ላይ ሊቃውንት ከ770 እስከ 3100 ሜትር ከፍታ ያለውን በረዶ መርምረው፥ ወደ ላይ በተወጣ ቍጥር አንዳንዱ መርዝ ከአሥር እስከ መቶ እጥፍ እየበዛ መሄዱን በ1991 ዓ.ም. ገለጡ። በሰሜን ዋልታ አጠገብ የሚኖሩ፥ አርሰው የማያውቁና ተባይ መግደያ ያልረጩ ሕዝቦችም በእናቶቻቸው ወተት ይኸው መርዝ ተገኝቶባቸዋል።

ይህንን ያስተዋለ የደጋ ሰው «ንዳድ በእኔ አገር የለም፥ ዲዲቲም በቤቴ አልተረጨም፤ ስለዚህ ነገሩ የቆላ ሰው ነገር ነው» ሊል አይቻለውም። የመርሐ ቤቴ ቆላ ከመንዝ ደጋ በገደል ይለያል፤ ነፋስ ግን ገደል አያግደውም። መርዙ ወሰን የማያውቅ ከሆነ፥ ስለ መርዙ የሚገባው ግዴታም በወረዳና በአገር ወሰን የሚቆም አይደለም።

አሁን ነገሩ ወደ ኢትዮጵያ እንዴት እንደ ገባ መመልከት ይገባል። የዲዲቲን ተባይ የመግደል ኃይል ያገኘው የስዊስ ተወላጅ ፓውል ሙለር በ1941 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ሲቀበል፥ ዓለም ሁሉ መርዙን እንደ መድኃኒት ያየው ነበር። በኢትዮጵያም የወባን ትንኝ ለማጥፋት በቤቶች ግድግዳ ላይ ለብዙ ዓመታት ተረጨ፤ ትንኟ እየለመደችው ስለ ሄደች በ2001 ዓ.ም. ገደማ በሌላ መድኃኒት ተተካ። አንበጣና ተምች በተነሣ ጊዜም ከውጭ መንግሥታት በስጦታ፥ ከነጋዴዎችም በግዥ፥ ብዙ የተባይ መግደያ ወደ አገር ገባ። ከዚህ ሁሉ ከፊሉ ከሚያስፈልገው በላይ ስለ ነበረ ሳይሠራበት ቀረ። ዘመን ሲያልፍ በርሜሉ ዛገ፥ ከረጢቱ ተቀደደ፥ በላዩ የተጻፈው ስምም ጠፋ። በኋላ ሲቈጠር ኢትዮጵያ በአፍሪካ እንዲህ ያለ መርዝ እጅግ ከተከማቸባቸው አገሮች አንዷ ሆና ተገኘች። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት አማካይነት ወደ 1500 ቶን የሚሆነው ተሰብስቦ በአዲስ ዕቃ ታሸገ፤ በመርከብም ወደ ፊንላንድ ተወስዶ በብርቱ እሳት ተቃጠለ።

ለዚህ ዕዳ ተጠያቂው ማን ነው ቢባል ሦስት መልስ ይሰጣል። አንዱ «ያበጀውና የሸጠው ይክፈል» ይላል። ሁለተኛው «የረጨውና ያከማቸው ይክፈል» ይላል። ሦስተኛው «መርዙ በእጁ የተገኘበት ይክፈል» ይላል። ሦስቱም እውነት አላቸው፤ ለብቻ ቢቆሙ ግን ሦስቱም ይጐድላሉ። ሻጩ በሩቅ አገር ነው፥ ፋብሪካውም ምናልባት ፈርሷል። የረጨው ሰው ልጅን ከንዳድ፥ እህልን ከአንበጣ ለማዳን የደከመ ነው፤ አንዳንዱም ዛሬ በሕይወት የለም። መርዙ በእጁ የተገኘበት የመጋዘን ጠባቂ ደግሞ ቍልፉን ከሌላ ጠባቂ የተረከበ እንጂ አንዳች ያጠፋው ጥፋት የለም።

ሰዎች በዚህ ነገር የሚሳሳቱት ወቀሳንና ግዴታን አንድ አድርገው ስለሚያዩ ነው። ወቀሳ ለበደለ ሰው ብቻ ይገባል፤ ግዴታ ግን ላልበደለም ይደርሳል። በጐረቤት ቤት እሳት ሲነሣ «እሳቱን ያስነሣው ይታወቅ» ብሎ ውሃውን በእንስራ ይዞ የሚቆም ሰው ፍርድ ዐዋቂ አይባልም፤ መጀመሪያ እሳቱ ይጠፋል፥ ከዚያም በኋላ ፍርድ ይታያል። እንደዚሁም በርሜሉ እያፈሰሰ ሳለ የጥፋተኛውን ስም እስኪያገኙ መቈየት በልጆች ላይ ወለድ መጨመር ነው። ነገር ግን በሌላው ወገን ደግሞ፥ የወረሰው ሰው ብቻውን እየከፈለ ሻጩ ሳይጠየቅ ቢቀር፥ ነገ ሌላ በርሜል ይመጣል። ስለዚህ ማጥፋቱም መጠየቁም ያስፈልጋል፤ ቅደም ተከተላቸው ብቻ ይለያያል።

አሕዛብ በአንድነት የተዋዋሏቸው ስምምነቶች የተደረጉት ይህንን ሁለቱን ነገር ለማስታረቅ ነው። በ1980 ዓ.ም. ከኢጣሊያ የመጣ ብዙ በርሜል መርዛም ጥራጊ በናይጄሪያ በኮኮ ከተማ በአንድ ሰው ግቢ ተጥሎ በተገኘ ጊዜ አፍሪካ ሁሉ ተቈጣ። በማግሥቱ ዓመት፥ በመጋቢት ወር 1981 ዓ.ም.፥ የባዝል ስምምነት ተደረገ፤ ይህም ተቀባዩ አገር አስቀድሞ ሳያውቅና ሳይፈቅድ መርዛም ጥራጊ እንዳይላክበት ይከለክላል። የአፍሪካ አገሮችም በ1983 ዓ.ም. በባማኮ ተሰብስበው ጥራጊው ወደ ክፍለ ዓለማቸው ከቶ እንዳይገባ ተስማሙ። በግንቦት 1993 ዓ.ም. የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ደግሞ ስለ ማይበሰብሱት መርዞች የተለየ ሕግ አወጣ፤ በመጀመሪያም 12 መርዞችን በስም ጠራ፥ ከዚያም ወዲህ ሌሎችን ጨመረ። ኢትዮጵያ ይህንን ስምምነት በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 279 ተቀበለች፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ስለ አደገኛ ጥራጊ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ቍጥር 1090ን አወጣች።

በዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «የኢጣሊያ ጥራጊ ወደ ናይጄሪያ መሄዱ ኃጢአት ከሆነ፥ የኢትዮጵያ መርዝ ወደ ፊንላንድ መሄዱ እንዴት ጽድቅ ሆነ?» ጥያቄው ብርቱ ነው፤ መልስም ይገባዋል። ልዩነቱ በመርከቡ አካሄድ አይደለም። ወደ ኮኮ የተላከው በማታለል ተልኮ፥ ማጥፊያ ወደሌለው ስፍራ ሄደ፥ የደረሰበትም ድኻ ምን እንዳስቀመጠ አላወቀም። ወደ ፊንላንድ የተላከው ግን በግልጥ ተጽፎ፥ በተቀባዩ ፈቃድ፥ ማጥፊያው እቶን ወዳለበት ሄደ። አንዱ ሸክምን በማያውቅ ሰው ጫንቃ ላይ መጣል ነው፤ ሁለተኛው ሸክምን ማውረድ ለሚችል ሰው ማስረከብ ነው።

ማጥፋትም ራሱ ዕውቀት ይፈልጋል። ተረቱ «እሳት ካየው ምን ለየው» ይላል፤ ይህ ለምግብ እውነት ነው፥ ለነዚህ መርዞች ግን አይሆንም። በሜዳ ላይ በጭድና በእንጨት ቢያቃጥሏቸው፥ ከጢሱ ጋር ዲዮክሲን የሚባል ሌላ ክፉ መርዝ ይወጣል። በእውነት እንዲጠፉ ከ1100 ዲግሪ በላይ የጋለና ጢሱም የሚጣራበት እቶን ያስፈልጋል። በጕድጓድ መቅበርም ከዐይን መሰወር እንጂ ማጥፋት አይደለም። የስቶክሆልም ስምምነት መርዙ ወደ ቀድሞ ጠባዩ እንዳይመለስ ሆኖ እንዲጠፋ የሚያዝዘው ስለዚህ ነው። ከሰው ዐይን የተሰወረ ነገር ሁሉ የቀረ ይመስላል፤ የተቀበረ በርሜል ግን ዛሬ ባይሆን በልጅ ዘመን ይፈነዳል።

ሌላው ተቃውሞ ከችግር የሚነሣ ነው። «የተራበ ሕዝብ ስለ ሩቅ ዘመን መርዝ ምን ጊዜ አለው? በንዳድ የሚሞተው ልጅ አይቀድምምን?» ይባላል። ስምምነቱ ለዚህ ችግር ዐይኑን አልጨፈነም፤ ወባን ለመከላከል ሌላ መንገድ እስኪገኝ ድረስ ዲዲቲን በቤት ግድግዳ ለመርጨት ፈቅዷል። ዛሬ የሚሞተውን ማዳን ይቀድማልና። ነገር ግን ለግድግዳ የተፈቀደው ወደ ማሳና ወደ ገበያ ሲወጣ፥ ለቍንጫና ለትኋን ሲረጭ፥ ባዶው ዕቃ ታጥቦ ዘይትና ውሃ ሲቀዳበት፥ ያ ችግር አይደለም፤ ቸልታ ነው። በ2005 ዓ.ም. የታተመ ምርመራ በጅማ፥ በሰርቦና በአሰንዳቦ በእናቶችና በላሞች ወተት ዲዲቲን አግኝቷል። ይህ ተሰምቶ እናት ልጇን ከጡት ልትለይ አይገባም፤ የጡት ወተት ጥቅሙ ከሁሉ ይበልጣልና። የሚገባው ወተቷ ንጹሕ እንዲሆን ሌላው ሰው ሁሉ ግዴታውን መፈጸሙ ነው።

ይህም ግዴታ እንደየሰው ዐቅም የተከፈለ ነው። መንግሥታት ሊከፍሉት የሚገባቸው አለ፤ ፒሲቢ ያለባቸው ትራንስፎርመሮች በፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 2025 ከሥራ እንዲወጡ፥ መርዙም እስከ 2028 በደንብ እንዲወገድ ተስማምተዋልና። የመጋዘን ጠባቂውም ያለውን በእውነት መዝግቦ ማስታወቅ ይገባዋል፤ ተወቃሽ እንዳይሆን ፈርቶ የደበቀው እንደ ሆነ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ በእውነት በደለኛ ይሆናል። ገበሬውም የመርዙን ዕቃ ለእንስራ ምትክ አያደርገውም፥ በሜዳም አያቃጥለውም። ነጋዴውም የተከለከለውን በሌላ ስም አይሸጥም።

በመንዝ ደጋ ሜዳው ሲዘጋ ከጠባቂዎቹ አንዳንዱ መክፈቻውን ሳያይ ይሞት ነበር። ነገር ግን የተጠበቀው ሣር የልጁን ቤት ከድኗል፥ ለልጅ ልጁም ገሳ ሆኗል። ለማያየው ልጅ ሣር የጠበቀ ሕዝብ፥ ለማያየው ልጅ መርዝ ትቶ ሊያልፍ አይገባውም። ያባት ዕዳ ለልጅ መድረሱ የዓለም ሥርዓት ነው፤ ዕዳውን ዐውቆ፥ ቈጥሮ፥ ከፍሎ ርስቱን ንጹሕ አድርጎ ማስረከብ ግን የእያንዳንዱ ትውልድ ፈንታ ነው።