50,000 ቃል ለማን ነው?

ዛሬ የ50,000 ቃል ልቦለድ ለማግኘት ወር ሙሉ መቀመጥ አያስፈልግም። ሰው ሠራሽ አስተውሎቱን አዝዛችሁ ቡና ጠጥታችሁ እስክትመለሱ የሆነ ነገር ደርድሮ ይጠብቃችኋል። ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ይሄ ብዙም አይገርመኝም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ማሽን በቶሎ የሚደረድረውን ነገር አንዲት የካምፓስ ተማሪ እንቅልፏን ቀንሳ 30 ቀን እንድትሠራው ማበረታታት ተገቢ ነው? ተገቢ ከሆነስ፣ እሷንም መምህሯንም መደገፍ ማለት ምን ማለት ነው?

ሀሳቡ የመጣው ከአሜሪካ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ክሪስ ባቲ የሚባል ሰው ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ጓደኞቹን ሰብስቦ፣ 21 ሆነው በአንድ ወር ረጅም ልቦለድ ለመጻፍ ሞከሩ። ነገሩ «ናኖራይሞ» ተብሎ በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ የሚደረግ ሆነ። ደንቡ አጭር ነው፦ 50,000 ቃል፣ በቀን ሲካፈል 1,667 ገደማ። አስተማሪዎችም ወደ ክፍላቸው ይዘውት ገቡ። ድርጅቱ በ2025 መዘጋቱን አስታውቋል። ግን ወር መርጦ አብሮ ለመጻፍ ድርጅት ምን ያደርጋል?

ወደ ሐዋሳ ስናመጣው መጀመሪያ የሚያስቸግረን ቁጥሩ ነው። «ስላልነገርኳቸው» በአማርኛ አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ ስድስት ይወጣዋል። ስለዚህ 50,000 የአማርኛ ቃል ከ50,000 የእንግሊዝኛ ቃል በጣም የወፈረ መጽሐፍ ነው። ቆጣሪውም ቢሆን አይታመንም። በድሮው ሁለት ነጥብ ቃላቱን ለይታችሁ ባዶ ቦታ ሳትተዉ ብትጽፉ፣ ባዶ ቦታ ብቻ የሚያይ ፕሮግራም ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ አንድ ቃል ብሎ ያልፈዋል። «ልብ ወለድ» ሁለት ቃል ነው፣ «ልቦለድ» ደግሞ አንድ። የምንጽፈው ነገር ስሙ ራሱ በአጻጻፋችን ቁጥሩ ይቀያየራል! ወሩም እንደዚያው ነው። ኖቬምበር አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅምት 22 እስከ ኅዳር 21 ይውላል፤ ሚድ ፈተና ከደረሰ ማን ልቦለድ ይጽፋል? የእኛ 12 ወሮች ግን ሁሉም 30 ቀን ናቸው። ነሐሴን ብንመርጥ ጳጉሜ ለማረፊያ ይተርፋል።

ይሄን የምለው ለቀልድ አይደለም። ድጋፍ የሚጀምረው ከዚህ ይመስለኛል፤ ሌላ ቦታ የተሰፋውን ልክ ሰው ላይ ከመጫን በፊት ልኩን ማስተካከል። ለአንዷ በቀን 400 ቃል በቂ ይሆናል፣ ለሌላው አንድ ገጽ።

«በወር የተጻፈ ልቦለድ ምን ልቦለድ ነው?» የሚል ሰው አለ። አባባሉ ተራ አይደለም። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ሐዲስ ዓለማየሁ ከ50 ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ስደትም እስርም ዲፕሎማትነትም ያዩ ሰው ነበሩ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በ30 ቀን አይወለድም። ግን ማንም ይወለዳል አላለም። የኤሪን ሞርገንስተርን «ዘ ናይት ሰርከስ» የተጀመረው በዚሁ በናኖራይሞ ነው፤ መጽሐፍ ሆኖ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ግን ከዓመታት እርማት በኋላ ነው። ወሩ ጭቃውን እንጂ ጀበናውን አይሰጥም። ጭቃ ሳይኖር ደግሞ ጀበና የለም።

ከጥራቱ በላይ የሚያስጨንቀኝ ሥልጣን ነው። «ቻሌንጅ»ን ወደ አማርኛ ስንመልሰው «ፈተና» ይሆናል። ለካምፓስ ተማሪ ደግሞ ፈተና ማለት ማርክ ነው። መምህር «ጻፉ» ሲል ተማሪው የሚሰማው «ላርማችሁ ነው» የሚለውን ነው። ስለዚህ ተማሪው ለመምህሩ የሚጥመውን ይጽፋል፤ ሰፈሩን፣ ቤቱን፣ የሚያፍርበትን ነገር አይነካም። ልቦለዱ ግን ያለው እዚያ ነበር።

መፍትሔው መምህሩም አብሮ መጻፉ ነው። ቀኑን ስንት ቃል እንደጻፈ ከተማሪዎቹ ጋር እኩል ይናገር፣ ዜሮ የሆነበትንም ቀን ጭምር። «ይናቃል» ትሉ ይሆናል። እኔ አይመስለኝም። ገበሬ ወንፈል ሲገባ ጎረቤቱ ማሳ ላይ አብሮ ጎንበስ ይላል እንጂ ዳር ቆሞ አይቆጣጠርም፤ በዚህ የናቀው ሰው የለም። ወንፈሉ ግን እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለው፤ ማንም የማንንም ልቦለድ አያርስም። የምንዋዋሰው ጊዜና ጆሮ ነው። በተመሳሳይ ሰዓት እንቀመጣለን፣ ያንተን አነባለሁ፣ የእኔን ታነባለህ።

የማሽኑም ጥያቄ እዚህ ጋ ይመጣል። ያው ድርጅት በ2024 ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ጨርሶ ማውገዝ የአቅም ልዩነትን መርሳት ነው የሚል አቋም ሲይዝ ብዙ ጸሐፊዎች ተቆጥተው ነበር። እኔ ሁለቱንም ወገን በከፊል እሰማለሁ። ዓይነ ስውር ተማሪ የተናገረውን ወደ ጽሑፍ የሚቀይርለት ፕሮግራም በር ይከፍትለታል። «እናቷ በመጨረሻ ይቅር ትበላት ወይስ አትበላት?» የሚለውን የሚወስንለት ፕሮግራም ግን ሊገባበት የነበረውን ክፍል ወሰደበት። ሰውም እንደዚያው ነው። ፊደል የሚያርም ጓደኛ ረዳት ነው፤ ታሪኩን የሚመራ ጓደኛ ቀማኛ ነው።

ከሁሉም የከበደው ተቃውሞ የኑሮ ነው። ቤተሰብ ከጉሮሮው ቀንሶ የሚልክለት ልጅ በልቦለድ ምክንያት ውጤቱ ቢወርድ ማን ይጠየቃል? ይሄን «ሕልምህን ተከተል» በሚል ወሬ ማለፍ ነውር ነው። ስለዚህ እውነተኛ ድጋፍ ለማቆም መፍቀድንም ይጨምራል። አሥረኛው ቀን ላይ «በቃኝ» ያለች ተማሪ 10 ቀን ጽፋለች፤ ምንም አላጎደለችም። በእሷ መጨረስ ከእሷ ይልቅ የሚደሰተው ደጋፊው ከሆነ፣ እየደገፋት ሳይሆን እየተጠቀመባት ነው።

እንግዲህ ለምን ትድከም? ምክንያቱም ማሽኑ የሚሰጣት 50,000 ቃል ሲሆን፣ ወሩ የሚሰጣት ግን ከራሷ ሀሳብ ጋር 30 ጊዜ መቀመጥን ነው። ካምፓስ ውስጥ የምንቸክለው ሁሉ ሌላ ሰው ያሰበውን ነው። አንድ ወር ራሷ ያሰበችውን እስከ ጫፉ ብትከተል፣ መጽሐፉ ባይታተም እንኳ፣ ከዚያ በኋላ ሌላው ሰው የነገራትን የምትሰማበት ጆሮ ይለወጣል። ይሄ ለሐኪምም ለኢንጂነርም ይጠቅማል።

ስለዚህ አንዱ ጓደኛችሁ ልጽፍ ነው ካለ «በርታ» ብላችሁ አትለፉት። ስንት ሰዓት ላይ እንደሚጽፍ ጠይቁትና በዚያ ሰዓት፣ ሐይቁ ዳርም ይሁን ላይብረሪ፣ የራሳችሁን ወረቀት ይዛችሁ አጠገቡ ተቀመጡ።